ጭራ ያላወጣ ስፐርም ወደ አይጥ እንቁላል ማስገባት፦ ደጋ ላይ ሆኖ ለሚሠራ ሰው

እናቴ ሥራዬን ስነግራት ትስቃለች። «ለአይጥ ነው ይሄ ሁሉ?» ትላለች። አንድ ቀን በሊጥ አስረዳኋት። እንቁላሏ ሊጥ ናት አልኳት። የበሰለ ስፐርም እርሾውን ይዞ ነው የሚመጣው። ልክ እንደገባ ሊጡ ኩፍ ማለት ይጀምራል። እኔ የማስገባው ግን ገና ጭራ ያላወጣ፣ ክብ፣ ጮርቃ ሴል ነው። ውርሱን በሙሉ ይዟል፣ እርሾ ግን የለውም። እናቴ ወዲያው «ታዲያ ከጎረቤት እርሾ ትበደሪያለሻ!» አለችኝ።

በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። እርሾውን ከየት እንደምንበደር፣ ሊጡ ውስጥ መቼ እንደምንጨምር። መርፌው፣ ማይክሮስኮፑ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሴሉ ላቦራቶሪ (ላብ) ውስጥ ራውንድ ስፐርማቲድ ይባላል። እኔ እዚህ «ክቡ ሴል» እያልኩ እቀጥላለሁ። አይጥ ቆለጥ ውስጥ አንድ ሴል ከመነሻው ተነስቶ ባለ ጭራ ስፐርም እስኪሆን 35 ቀን ገደማ ይወስድበታል። ክቡ ሴል ዋናውን ሥራ ጨርሷል። ክሮሞዞሞቹን ከ40 ወደ 20 አውርዷል። የቀረው መሾል፣ ጭራ ማውጣትና መዋኘት ነው። በመርፌ የምናደርሰው ከሆነ ደግሞ ዋና መቻል አይጠበቅበትም።

በ1994 አትሱዎ ኦጉራ፣ ማትሱዳና ሪዩዞ ያናጊማቺ ክቡን ሴል ከእንቁላል ጋር በኤሌክትሪክ አዋህደው ጤነኛ የአይጥ ልጆች አገኙ። በ1995 ኪሙራና ያናጊማቺ ሆኖሉሉ ላይ ይህንኑ በመርፌ ሠሩት። ዛሬ የምንሠራበት መንገድ የእነሱ ልጅ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ወንዶቹ ስፐርም እስከ መጨረሻው የማያበስሉበት የአይጥ ዘር ካላችሁ፣ ዘሩ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ክቡ ሴል የሚታየው ወንዱ አይጥ ከተወለደ 20 ቀን አካባቢ ስለሆነም፣ ገና ለአቅመ አባትነት ያልደረሰ ወንድ አባት ሊሆን ይችላል።

ሁለት ነገር ላስቀድም። አንደኛ፣ የእንስሳት ምርምር ፈቃድ ሳይኖራችሁ አንዲት አይጥ እንዳትነኩ። ሁለተኛ፣ ይህ መመሪያ ለአይጥ ነው። በሰውም ላይ ተሠርቷል፣ ግን እዚህ ያለው ቁጥር ለሐኪም ቤት አይሆንም።

መጀመሪያ ከፍታውን አስተካክሉ

ሥራውን የተማርኩት ባሕር ጠረፍ ላይ ባለ ከተማ ነው። የያዝኩት መመሪያም ለዚያ አየር የተጻፈ ነበር። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ንፍሮ ለምን አልበስል እንደሚል የሚያውቅ ሰው ግማሹ ችግር ገብቶታል። ውሃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው።

ይሄ ፅንሶቹን በሙቀት የምታሳድጉበትን ኢንኩቤተር ያሳስተዋል። መመሪያዎች ሁሉ «5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ» ይላሉ። ያ ቁጥር የሚሠራው ግፊቱ 760 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን ነው። የ760 5 በመቶ 38 ነው። ፅንሱ የሚያድግበት ፈሳሽ፣ ማለትም ሚዲያው፣ የሚፈልገው ያንን 38 ነው እንጂ 5ቱን አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ግፊቱ 540 ገደማ ነው። የ540 5 በመቶ 27 ብቻ ይሆናል። ማሽኑ «5» እያለ ሊያሳያችሁ ይችላል፤ ሚዲያው ግን ጋዝ አንሶታል። አሲድነቱ ይቀንስና ፒኤቹ ሽቅብ ይወጣል።

ስለዚህ 38ን ለ540 አካፍሉ። 7 በመቶ ይወጣላችኋል። ጣርማበር ላይ ሆናችሁ ብትሠሩ ከዚያም ትንሽ ከፍ ይላል። ሸዋ ሮቢት ብትወርዱ ደግሞ 6 አይሞላም። ቁጥሩን ግን በጭፍን አትመኑት። ሚዲያውን ኢንኩቤተር ውስጥ አሳድራችሁ በፒኤች ሜትር ለኩ። ከ7.2 እስከ 7.4 ከሆነ ልክ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ወር ሙሉ ፅንሶቼ ሁለት ሴል ላይ እየቆሙ «እጄ ነው የተበላሸው» እያልኩ አለቀስኩ። እጄ ምንም አልሆነም ነበር።

ዕቃ በእንፋሎት የምናመክንበት ኦቶክሌቩም ያው ነው። በግፊት መለኪያው (በጌጁ) 15 ፒኤስአይ ላይ 121 ዲግሪ ይደርሳል የሚባለው ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በዚያ ጌጅ 116 ገደማ ላይ ነው የሚቆመው። 121 ለመድረስ ጌጁ ወደ 19 መውጣት አለበት። ዕቃችሁ ያንን ግፊት እንዲችል የተሠራ መሆኑን አምራቹ ካላረጋገጠላችሁ አታስጨንቁት። በቴርሞሜትሩ ሥሩ፣ ወይም ጊዜውን አርዝሙ። ሚዲያው ራሱ ግን በሙቀት አይመከንም። በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ነው የሚያልፈው።

አይጦቹ

አንድ ተማሪ «ከመንዝ ጓሳ ይዤ ልምጣ እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። አይሆንም። የጓሳ አይጥ ለቀይ ቀበሮው ትቅር። እኛ የምንፈልገው ዘሯ የታወቀ የላብ አይጥ ነው። ለእንቁላል የሚመረጡት ቢ6ዲ2ኤፍ1 የሚባሉት ድቅሎች ናቸው። እንቁላላቸው መርፌ ይችላል። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይሁን።

ክፍሉ መሞቅ አለበት። የደብረ ብርሃን የኅዳር ውርጭ ሰውንም በብርድ ልብስ ያስጠቀልላል፤ አይጥ ሲበርዳት እንቁላል እንድትለቅ ለምንወጋት ሆርሞን በቅጡ ምላሽ አትሰጥም። ጎጆ የምትሠራበት ወረቀት ወይም ጥጥ ስጧት። መብራቱ በሰዓት ይጥፋ፣ በሰዓት ይብራ። ይህን ቀላል አታድርጉት። ሆርሞኑ የሚሠራው ከመብራቱ ሰዓት ጋር ነው።

ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ላስቀምጠው። ሰኞ ማታ 12 ሰዓት ላይ ፒ.ኤም.ኤስ.ጂ የሚባለውን ሆርሞን ሆድ ውስጥ ውጉ፣ ከ5 እስከ 7.5 ዩኒት። ይህ እንቁላሎቹን ያሳድጋል። ከ48 ሰዓት በኋላ፣ ረቡዕ ማታ 12 ሰዓት ላይ፣ ያንኑ ያህል ኤች.ሲ.ጂ የሚባለውን ሁለተኛ ሆርሞን ውጉ። ይህ ደግሞ ይለቃቸዋል። ሐሙስ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ትለቅማላችሁ። ሐሙስ ቁርስ አይኖርም፣ ቀድማችሁ እወቁት።

እንቁላል መልቀም

አይጧ ሳትሠቃይ እንድትሞት በሠለጠነ እጅ ይሁን። የእንቁላል ቱቦዋን አውጥታችሁ ሞቅ ያለ ሚዲያ ውስጥ አስቀምጡ። ቱቦው ላይ አንድ ያበጠ፣ ቀጭን ግድግዳ ያለው ቦታ ታያላችሁ። እሱን በመርፌ ጫር ስታደርጉት እንቁላሎቹ በጭጋግ ተጠቅልለው ይፈስሳሉ። ጭጋጉ በዙሪያቸው ያሉት ትንንሽ ሴሎች ናቸው። 0.1 በመቶ ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ስታቆዩዋቸው ጭጋጉ ይረግፋል። ከዚያ ሦስት አራት ጊዜ እጠቡ። ኢንዛይሙ ውስጥ ረስታችኋቸው ሻይ ለመጠጣት እንዳትወጡ።

የታጠቡትን በሚኒራል ዘይት የተሸፈነ የሚዲያ ጠብታ ውስጥ አድርጋችሁ ወደ 37 ዲግሪው ኢንኩቤተር መልሱ። ሲ.ዜድ.ቢ እና ኬሶም የሚባሉት ሚዲያዎች ሁለቱም ይሆናሉ።

ክቡን ሴል መፈለግ

ከወንዱ ቆለጥ ቱቦዎቹን አውጡ። ፒ.ቢ.ኤስ በሚባል ቀዝቃዛ የጨው ውሃ ውስጥ በሹል መቀስ ከትክቱ። እንደ ክትፎ፣ ግን እንዳትፈጩት። በፒፔት ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ፣ መልሱ። ሴሎቹ ከቱቦው ይወጣሉ። በ38 ማይክሮሜትር ናይሎን አጥልሉ። በ200 ጂ (በምድር ስበት 200 እጥፍ) 5 ደቂቃ በሴንትሪፉጅ አሽከርክሩና እጠቡ። ከዚያ በረዶ ላይ አስቀምጡ። ጥቂት ሰዓት ይቆያሉ።

አሁን ማይክሮስኮፕ ሥር ገበያ ነው። ሁሉም ዓይነት ሴል አለ። ክቡን ሴል በሦስት ነገር ለዩት። ዲያሜትሩ 10 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ኒውክሊየሱ ፍጹም ክብ ነው፣ አብዛኛውን ሴል ይይዛል። ኒውክሊየሱ መሃል ደግሞ አንድ ጉልህ ነጥብ አለች። እኔ «የዓይኑ ብሌን» እላታለሁ። ነጥቧን ካላያችሁ አትውሰዱት።

ቀይ የደም ሴል ትንሽ ነው፣ ኒውክሊየስም የለውም። ከክቡ ሴል በፊት ያለው ደረጃ፣ ስፐርማቶሳይት፣ ግዙፍ ነው። የሚያታልለው ሁለተኛ ደረጃ ስፐርማቶሳይት ነው። ትንሽ ብቻ ነው የሚበልጠው። እሱ ገና ክፍፍሉን አልጨረሰም፣ ስለዚህ በዚህ መመሪያ አይሠራም። ሁለት ሦስት ኒውክሊየስ ያለው ትልቅ ሴል ካገኛችሁም እለፉት። እነዚህ ሴሎች ቆለጥ ውስጥ በድልድይ የተያያዙ ወንድማማቾች ናቸው። ስትከትፉ ድልድዩ ሰፍቶ ይዋሃዳሉ።

እርሾው

እዚህ ጋ ቁጭ በሉ። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

የአይጥ እንቁላል ተለቅማ ስትመጣ መሃል ክፍፍል ላይ ቆማ ነው። ስፐርም እስኪመጣ ትጠብቃለች። የበሰለ ስፐርም ውስጥ ፒ.ኤል.ሲ ዜታ የሚባል ፕሮቲን አለ። ገብቶ የእንቁላሏን ካልሲየም በማዕበል ያናውጠዋል። እሷም ትነቃለች፣ ክፍፍሏን ትጨርሳለች። እርሾው እሱ ነው። የአይጥ ክቡ ሴል ይህን ማድረግ አይችልም። ዝም ብላችሁ ብታስገቡት እንቁላሏ እንቅልፏን ትቀጥላለች።

ከዚህ የባሰም አለ። የቆመች እንቁላል ውስጥ ክሮሞዞም የሚያጨማድድ ኃይል ሙሉ ነው። ያልበሰለ ኒውክሊየስ እዚያ ሲገባ ክሮሞዞሞቹ ያለ ጊዜያቸው ይጨማደዳሉ፣ ይበታተናሉ። በኋላ ብትነቃም የተበተነው አይሰበሰብም።

ስለዚህ ቀድማችሁ አንቁዋት። የምንበደረው እርሾ ስትሮንቲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ነው። ካልሲየም በሌለው ሲ.ዜድ.ቢ ውስጥ ይሟሟል። ካልሲየሙን ማውጣት አትርሱ፣ ካለበት ስትሮንቲየሙ በወጉ አይሠራም። መጠኑ ከላብ ላብ ይለያያል። ከ2.5 እስከ 10 ሚሊሞላር ይጠቀማሉ። እንቁላሎቹን 20 ደቂቃ ያህል እዚያ አቆይታችሁ ወደ መደበኛው ሚዲያ ትመልሳላችሁ።

አሁን ሰዓት ያዙ። ከነቃችበት ደቂቃ ጀምሮ ከ40 እስከ 80 ደቂቃ ባለው ጊዜ እንቁላሏ ክፍፍሏን ልትጨርስ ትቃረባለች። እንቁላል ስትከፈል ከምትጥላቸው ትንንሽ ሴሎች ሁለተኛዋ ከጎኗ መውጣት ትጀምራለች። እንደ ጉብታ ሆና ትታያችኋለች። ያች ጉብታ የእናንተ ምልክት ናት። ያ የሚያጨማድደው ኃይል ወርዷል። የሴቷ ኒውክሊየስ ግን ገና አልተሠራም። ክቡ ሴል አሁን ከገባ ከሴቷ ጋር እኩል ያብጣል፣ እኩል ይደርሳል።

ቀድሞ ከገባ ይጨማደዳል። ዘግይቶ ከገባ ሴቷ ቀድማው ትሄዳለች፣ እሱ ትንሽ እንደሆነ ይቀራል። ሊጥ ካለፈበት በኋላ እርሾ መጨመር ምን ይጠቅማል?

ይህ ማለት ሁሉንም እንቁላል አንዴ አታንቁ ማለት ነው። በ40 ደቂቃ ውስጥ ስንት እንደምትወጉ ራሳችሁን እወቁ። ጀማሪ ከሆናችሁ 10 ወይም 15 አንቁ። እነሱን ስትጨርሱ ሌላ ቡድን። እኔ መጀመሪያ 60 አንቅቼ 20 ላይ ሰዓቱ አለቀብኝ። የቀሩትን ጣልኳቸው።

መርፌው

የሚያስፈልገው ተገልባጭ ማይክሮስኮፕ፣ ሁለት ማይክሮማኒፑሌተርና ፒዬዞ ነው። ፒዬዞ መርፌውን በጣም አጭር ርቀት በፍጥነት የሚያንቀጠቅጥ መሣሪያ ነው። የአይጥ እንቁላል በተራ ሹል መርፌ ስትወጋ ብዙ ጊዜ ትፈነዳለች። ፒዬዞ ይህን ነው የፈታው።

የመርፌው ጫፍ ጠፍጣፋ ይሁን፣ የውስጡ ስፋት 5 ወይም 6 ማይክሮሜትር። ድሮ ውስጡ ትንሽ ሜርኩሪ ይደረግ ነበር። ሜርኩሪ መርዝ ነው፤ አየር ማውጫ በሌለው ክፍል ውስጥ ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም። ፍሎሪነርት የሚባለውን ከባድ ፈሳሽ ተጠቀሙ።

ሳህኑ ላይ ሦስት ዓይነት ጠብታ አድርጉ፦ አንዱ ለእንቁላል፣ አንዱ ለክቡ ሴል፣ አንዱ 12 በመቶ ፒ.ቪ.ፒ የሚባል ዝልግልግ ፈሳሽ ለመርፌ ማጠቢያ። ሁሉንም በዘይት ሸፍኑ። በየጥቂት እንቁላሉ መርፌውን ፒ.ቪ.ፒው ውስጥ አጽዱት። የተጣበቀ መርፌ የቀኑን ሥራ ያበላሻል።

ክቡን ሴል ወደ መርፌው ሳቡ፣ መልሱ፣ ሳቡ። ሴሉ ከመርፌው ሰፊ ስለሆነ ሽፋኑ ይቀደዳል። ኒውክሊየሱ ነጻ ይወጣል። ብዙ አታመላልሱት፣ ኒውክሊየሱ ራሱ ይቀደዳል። ሽፋኑ ሳይቀደድ የገባ ሴል ደግሞ እንቁላሏ ውስጥ እንደ ጠጠር ይቀመጣል፣ ምንም አይሠራም።

እንቁላሏን በመያዣው ፒፔት ያዙ። ጉብታዋ ከመርፌው መንገድ ትራቅ። ጉብታዋ ባለችበት የሴቷ ክሮሞዞሞች አሉና። የውጭውን ወፍራም ሽፋን በፒዬዞ ብሱት። ከዚያ ፒዬዞውን አቁማችሁ መርፌውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ግፉ፣ ተቃራኒው ግድግዳ አጠገብ እስኪደርስ። የውስጡ ሽፋን እንደ ጓንት ጣት ተከትሎ ይገባል፣ አይቀደድም። እዚያ አንድ ደካማ የፒዬዞ ምት ብቻ ስጡ። ሽፋኑ ሲለቅ በዓይን ይታያል። ኒውክሊየሱን በተቻለ መጠን ያለ ፈሳሽ አስገቡ። መርፌውን ቀስ ብላችሁ አውጡ።

እዚህ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ለአንዴ ይጠቅማችኋል። የመጀመሪያዎቹ የአይጥ ስፐርም መርፌዎች ሲሠሩ ማይክሮስኮፑን ሆን ብለው ወደ 17 እና 18 ዲግሪ ያቀዘቅዙት ነበር። እንቁላሏ ሲቀዘቅዛት ቁስሏን በተሻለ ትችላለች። ባሕር ጠረፉ ላይ ለዚህ የማቀዝቀዣ ማሽን ነበረን። እዚህ ማሞቂያውን ማጥፋት ይበቃል። ከወጋችኋቸው በኋላ ግን 10 ደቂቃ ያህል እዚያው አሳርፏቸው። ከዚያ ነው ወደ 37 ዲግሪው የሚመለሱት። መብራት ከሄደ ኢንኩቤተሩን አትክፈቱ። በሩ እንደተዘጋ ሙቀቱን ለተወሰነ ጊዜ ይይዛል። ዩፒኤስ ካላችሁ ለኢንኩቤተሩ ስጡት፣ ማይክሮስኮፑ ይጠብቃል።

ማግስቱ

ከ5 ወይም 6 ሰዓት በኋላ እዩዋቸው። ደህናዋ እንቁላል ውስጥ ሁለት ክብ ኒውክሊየስ ይታያል፣ ከጎኗም ሁለት ትንንሽ ሴሎች። አንድ ኒውክሊየስ ብቻ ካለ እንቁላሏ ነቅታለች እንጂ አባት አላገኘችም። እሷን ለዩ። በማግስቱ ደህናዎቹ ለሁለት ተከፍለዋል።

ተሸካሚዋ እናት ነጭ አይሲአር አይጥ ትሁን። ከአንድ ቀን በፊት የስፐርም ቱቦው ከተቋረጠ ወንድ ጋር አድራ ብልቷ ላይ ከግንኙነት በኋላ የሚቀር መድፈኛ የታየባት። ሰውነቷ እርጉዝ የሆነች ይመስለዋል። በማደንዘዣ፣ በሠለጠነ እጅ፣ ባለ ሁለት ሴሎቹን በእያንዳንዱ የእንቁላል ቱቦዋ ከ8 እስከ 10 አስገቡ። ብዙዎቹ አይወለዱም። ክቡ ሴል ከበሰለ ስፐርም ያነሰ ውጤት ነው የሚሰጠው፣ ይህን ቀድማችሁ ተቀበሉ። ለአንድ ልጅ ብላችሁ ብዙ እንቁላል ትወጋላችሁ።

ከወንዱ ጋር ካደረችበት ሌሊት ተቆጥሮ በ19ኛው ቀን ተኩል ላይ ልጆቹ በቀዶ ጥገና ይወጣሉ። ፅንሶቹ ጥቂት ሲሆኑ ምጡ ይዘገያልና አትጠብቁ። ልጆቹን አድርቁ፣ አሙቁ፣ መተንፈሳቸውን እዩ። በዚያው ቀን ወይም ከአንድ ቀን በፊት የወለደች ሌላ አይጥ አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። ልጆቹን በእሷ ጎጆ መኝታ ላይ አሻሽታችሁ ከልጆቿ ጋር ቀላቅሉ። ጠረናቸው ካልተመሳሰለ ትበላቸዋለች።

እሷም ነጭ ከሆነች መለየቱ አያስቸግርም። ቱቦው ተቋርጧል የተባለው ወንድም ነጭ ከሆነ፣ በትክክል ካልተቋረጠ በዚሁ ይጋለጣል። የነጮቹ ልጆች ሲወለዱ ዓይናቸው በቆዳቸው ሥር ሮዝ ነው። ከቢ6ዲ2ኤፍ1 እንቁላልና ከጥቁር ወንድ የመጡት ጥቁር ነው። ጥቁር ዓይን ያለው የእናንተ ነው።